ምዕራፍ ሰባት፦ መቋሚያው ዝማሜ ሲሆን

በምዕራፍ አራት ብርሃን የተመልካችን ዓይን በመድረክ ላይ ከወዴት ወዴት እንደሚመራው፣ በምዕራፍ ስድስትም የሰው አካል ክብደት፣ ይኸውም ወደ ምድር መሳቡና ከምድር ለመነሣት መታገሉ፣ የውዝዋዜ ጥበብ የሚሠራበት ዋናው ጥሬ ነገር መሆኑን በሰፊው ተመልክተናል። ሁለቱም ምዕራፎች ግን አንድ ያልተመረመረ ግምት ይዘው አልፈዋል፤ ተመልካቹ የሚያይና የሚሰማ፣ ተወዛዋዡም በሁለት እግሩ የቆመ መሆኑን ሳንጠይቅ ተቀብለናል። እንዲህ ያደረግነው አብዛኞቹ የዓለም ቴአትር ቤቶች የታነጹት በዚሁ ግምት ላይ ስለ ሆነ ነው፤ ደረጃው፣ ወንበሩ፣ ጨለማው፣ ጸጥታው፣ ከመጋረጃው በስተ ኋላ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ሳይቀር አንድ ዓይነት አካል ያለውን ሰው ብቻ በማሰብ የተሰናዳ ነው።

አካል ጉዳት ያለበት ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ወደ አንድ ስፍራ ለመግባት፣ በዚያም የሚደረገውን ለማየት ወይም ለመስማት፣ ለመረዳትና በሥራውም ተካፋይ ለመሆን እንዲችል የሚደረገው መሰናዶ ሁሉ በዘመናችን ተደራሽነት ይባላል። በዚህ ምዕራፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይህ መሰናዶ የጥበቡ ሥራ ካለቀ በኋላ ከውጭ መለጠፉ ቀርቶ፣ እንደ ዜማውና እንደ ብርሃኑ ሁሉ ሥራው ራሱ ከሚፈጠርባቸው ነገሮች እንደ አንዱ ሆኖ ከመጀመሪያው ቀን ቢገባ፣ ጥበቡ ምን ይሆናል? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የመቋሚያው ነገር

ይህን አሳብ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የበዓል ሌሊት የሆነ እንደ ሆነ ካህናቱና ደባትሩ በቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ ከምሽት እስከ ንጋት ቆመው ያድራሉ፤ እንዲህ ባለው ረጅም አገልግሎት ጕልበት መድከሙ፣ ወገብም መዛሉ የሰው ልጅ የባሕርዩ ነውና፣ እያንዳንዱ በብብቱ ሥር ወይም በአገጩ ሥር አስገብቶ የሚደገፍበት ራሱ አግድም የሆነ በትር ይይዛል። ይህ መቋሚያ በመነሻው ሌላ ነገር አይደለም፤ አካል የሚደክም መሆኑን በግልጥ የተቀበለ፣ መቀበሉንም ከነውር ያልቈጠረ የድጋፍ መሣሪያ ነው።

ነገር ግን ቁም ዜማው አልቆ ዝማሜው ሲጀመር ያው በትር ከብብት ሥር ይወጣና ከዜማው ጋር ወደ ላይ ይነሣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የሊቃውንቱም ትከሻና አንገት እርሱን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። ትውፊቱ ሥርዓቱን ለስድስተኛው መቶ ዓመት ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ መምህራንም በበትሩ መነሣትና መውረድ ውስጥ ምሥጢር ያነባሉ። ለእኛ ጕዳይ የሚበቃን ግን አንድ ነገር ነው፤ ድጋፉ ጥበብ በሆነ ጊዜ ድጋፍነቱን አልተወም። ዝማሜው ሲያበቃ ሽማግሌው መሪጌታ በዚያው መቋሚያ ላይ ተመልሶ ይደገፋል። አንዱ ዕቃ ሁለቱንም አገልግሎት በአንድ ሌሊት ይፈጽማል፤ የበትሩ ርዝመት፣ ክብደቱና የራሱ ቅርጽ የዝማሜውን መልክ ወስነውታልና፣ ድጋፉ ባይኖር ኖሮ ያ ጥበብ በዚያ መልኩ ባልተወለደም ነበር።

ሥራው ካለቀ በኋላ

በዓለም መድረክ የተለመደው አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። አንድ ትርኢት ተደርሶ፣ ተጠንቶ፣ ልብሱ ተሰፍቶ፣ ብርሃኑ ተስተካክሎ፣ ትኬቱም ከታተመ በኋላ፣ ምናልባት አንድ ሰው «ዓይነ ስውራን ቢመጡስ? መስማት የተሳናቸው ቢመጡስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ በመድረኩ ጥግ አንድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቆማል፣ በጓሮ በር በኩልም ለተሽከርካሪ ወንበር መውጫ የሚሆን ሳንቃ ይጋደማል። ይህም ቢሆን በብዙ ሰዎች ትጋት የተገኘ ነውና የሚናቅ አይደለም።

ለምሳሌ የድምፅ ገለጻ የሚባለውን እንመልከት። የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት ወይዘሮ ማርጋሬት ፋንስቲል በዋሽንግተን ከተማ ለዓይነ ስውራን ጋዜጣና መጽሐፍ በራዲዮ የሚያነብ ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ እኒሁ ሴትና ኋላ ባለቤታቸው የሆኑት ኮዲ ፋንስቲል በ1981 በዚያው ከተማ ባለው አሪና ስቴጅ በተባለው ቴአትር ቤት፣ በመድረክ ላይ የሚደረገውን ለማያይ ተመልካች በቃል የሚያስረዳ አገልግሎት ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ገላጩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሆኖ መድረኩን እያየ በማይክሮፎን ይናገራል፤ ዓይነ ስውሩ ተመልካች በወንበሩ እንደ ተቀመጠ፣ በጆሮው በሰካት ትንሽ ማዳመጫ፣ ተዋናዩ ደብዳቤውን ወደ እሳት መጣሉን ወይም እመቤቲቱ ሳትናገር መውጣቷን በዚያው ቅጽበት ይሰማል። ሕጉም አጭር ነው፤ ያየኸውን ተናገር፣ ትርጓሜ አትጨምር፣ ተዋናዩ ሲናገር ዝም በል።

ለድራማ ይህ ሕግ በሚገባ ሠርቷል፤ የድራማው ብዙው ክፍል በንግግር የሚነገር ስለ ሆነ ለገላጩ የሚቀረው በንግግርና በንግግር መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። ውዝዋዜ ግን ንግግር የለውም። ለማያይ ሰው የሚቀርለት ሙዚቃውና አልፎ አልፎ የሚሰማ የእግር ኮቴ ብቻ ነው፤ እንግዲህ ገላጩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ ሊሸከም ነው።

ምላስ ከትከሻ ሲዘገይ

አንድ ሰው እስክስታ ሲመታ ለማያይ ወዳጅህ ልትገልጥለት ብትሞክር፣ አንባቢ ሆይ፣ ችግሩን ወዲያው ታገኘዋለህ። «ትከሻውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቀንቃል» ብለህ እስክትጨርስ ድረስ ትከሻው ብዙ ጊዜ ሄዶ ተመልሷል፣ አንገቱ ሌላ ነገር ጀምሯል፣ ወገቡ ዝቅ ብሏል፣ ከፊቱ የቆመችውም መልስ ሰጥታዋለች። ምላስ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ አካል ግን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ስለዚህ ገላጩ የግድ መምረጥ አለበት፤ መምረጥ ደግሞ መተርጐም ነውና «ያየኸውን ብቻ ተናገር» የሚለው ሕግ በውዝዋዜ ፊት ሲደርስ ይጐድላል። ከዚህም በላይ «ቀኝ እጁን አነሣ» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ምንም አልነገረንም፤ እጅ ለመሐላም፣ ለልመናም፣ ለመማታትም ይነሣልና የውዝዋዜው ነፍስ ያለችው በአነሣሡ ውስጥ ነው።

አካሉን በትክክል የሚናገር ገለጻ አለ፤ ስሜቱን በቅኔ መልክ የሚያቀርብም አለ፤ የተወዛዋዡን ትንፋሽና የእግሩን ዳሰሳ ራሱን የሚያሰማም ይቻላል። ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ዓይነ ስውራን ተመልካቾች ወደ መድረኩ ወጥተው ልብሱንና ዕቃውን እንዲዳስሱ፣ የመድረኩንም ስፋት በእርምጃ እንዲለኩ የሚደረግበት ልማድም አለ። ከእነዚህ ማናቸውም ብቻውን አይበቃም። ለውጡ የሚመጣው ግን የውዝዋዜው ደራሲ፣ ኮሪዮግራፈር የሚባለው ባለሙያ፣ በልምምዱ ክፍል ውስጥ ገና አንድ እርምጃ ሳይወሰን ይህን ሁሉ ሲያስብበት ነው። የማያይ አድማጭ እንዳለው የሚያውቅ ደራሲ በአንዱ ክፍል ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል፤ የባዶ እግር መፋተግ፣ የሚወድቅ አካል ድምፅ፣ የሁለት ሰዎች እኩል መተንፈስ ያን ጊዜ ራሱ ዜማ ይሆናል። ይህን የሚሰማው ዓይነ ስውሩ ብቻ አይደለም፤ ዓይናማውም ሙዚቃው ሸፍኖበት የኖረውን የአካል ድምፅ በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘዋል።

አንድሮሜዳ በዘቅዛቃው ላይ

እዚህ ላይ በአንድ ሥራ ዘንድ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ የምዕራፉን አሳብ እንደዚህ ሥራ አጕልቶ የሚያሳይ አላውቅምና። አሊስ ሼፐርድ የተባሉት ሴት በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛውን ዘመን ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ ፕሮፌሰርና የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ነበሩ። በ2004 ሆመር አቪላ የተባለ፣ አንድ እግሩን በካንሰር ምክንያት ካጣ በኋላ መወዛወዙን ያልተወ ሰው፣ አንድ የውዝዋዜ ትምህርት እንዲወስዱ አሳሰባቸው፤ እርሱ በዚያው ዓመት ሲሞት እርሳቸው ቃላቸውን ጠብቀው ተማሩ፣ በመጨረሻም የማስተማር ወንበራቸውን ለቀው ተወዛዋዥ ሆኑ። በ2016 ካይኔቲክ ላይት የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ከባልደረቦቻቸው አንዷ ሎረል ሎሰን መሐንዲስም ተወዛዋዥም ናቸው፤ የመድረክ ብርሃን ባለሙያው ማይክል ማግም እንደ ሁለቱ ሴቶች ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነበር።

«ዲሴንት» የተባለው ሥራቸው መነሻው የፈረንሳዊው ቀራጺ የሮዳን ሐውልት ነው፤ ታሪኩም የቬነስና የአንድሮሜዳ ፍቅር ነው። አንድሮሜዳ በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከተባለው ከኬፊየስ የተወለደች፣ በባሕር ዳር ከዐለት ጋር የታሰረች ልዕልት መሆኗን፣ የአውሮጳ ሠዓሊዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጭ አድርገው እንደ ሣሏት ለአንባቢ ማስታወስ ይገባል፤ በዚህ መድረክ አንድሮሜዳን የሆነችው ጥቁር ሴት ናት።

መድረኩ ራሱ ግን ከታሪኩ የበለጠ ያስደንቃል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራው ዘቅዛቃ መውጫ፣ ራምፕ የሚባለው፣ በአሜሪካ ደንብ ከፍታው አንድ ሜትር ቢሆን ርዝመቱ ከዐሥራ ሁለት ሜትር ማነስ የለበትም፤ ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ከማድረስ በቀር ሌላ ፋይዳ የማይጠበቅበት ነገር ነው። የ«ዲሴንት» መድረክ፣ ሣራ ሄንድረን የተባሉት የንድፍ ባለሙያ በማሳቹሴትስ ከሚገኘው ከኦሊን የምሕንድስና ኮሌጅ ተማሪዎች ጋር የደከሙበት፣ ዳር እስከ ዳር ዘቅዛቃ ነው፤ ኮረብታ አለው፣ ሸለቆ አለው፣ ጥምዝና ጫፍ አለው። በምዕራፍ ስድስት የሚራመድ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ክብደቱን እንደሚያሳርፍና እንደሚያነሣ አይተን ነበር፤ መንኰራኵር ግን ማረፊያ የለውም። ከዘቅዛቃው ጫፍ የተለቀቀ ወንበር ክብደቱን ወደ ፍጥነት፣ ፍጥነቱንም ወደ ሚቀጥለው ኮረብታ መውጫ ኃይል ይለውጣል፤ ሳይቋረጥ ይንሸራተታል፣ በአንድ ነጥብ ላይ ይሽከረከራል፣ ወደ ጐንም ያዘነብላል። ይህም፣ እግር ሊሠራው የማይችል እንቅስቃሴ ነው። ለመግቢያ ብቻ ሲያገለግል የኖረው ዘቅዛቃ በዚህ ሥራ ባሕር፣ ሰማይና የፍቅር መኝታ ሆነ።

ብርሃኑም ቢሆን በምዕራፍ አራት ከተመለከትነው ልማድ ይርቃል። የመድረክ መብራት በተለምዶ የሚስተካከለው ለቆመ ሰው ፊት ቁመት ነው፤ ተወዛዋዦቹ የተቀመጡና የተኙ ሲሆኑ ያ ልማድ ከእነርሱ በላይ ያለውን ባዶ አየር ያበራል። ብርሃኑን የሚያሰናዳው ሰው ራሱ ዓለምን ከዚያው ቁመት የሚያይ መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ለማያዩ ተመልካቾችም ሎረል ሎሰን «ኦዲማንስ» የተባለ የእጅ ስልክ መተግበሪያ አዘጋጁ። ቀድሞ አንድ ገላጭ በአንድ ድምፅ የሚናገረው ነገር እዚህ ላይ ብዙ መንገድ ሆኖ ይቀርባል፤ አድማጩ የአካሉን እንቅስቃሴ በግልጥ የሚናገረውን፣ በቅኔ የተደረሰውን፣ ወይም የመንኰራኵሩንና የትንፋሹን ድምፅ የሚያሰማውን እንደ ፈቃዱ ይመርጣል፣ ሲፈልግም ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ዓይናማ ተመልካች በመድረክ ላይ ካሉት ሁለት ሰዎች የወደደውን መርጦ እንደሚያይ ሁሉ፣ ዓይነ ስውሩም ትኩረቱን ራሱ የሚመራ ሰው ሆነ። በእኔ አስተያየት ይህ የመምረጥ ነጻነት ከመሣሪያው ብልሃት ይበልጣል።

እጅ ሲናገር፣ ድጋፉም ሲፈተን

መስማት ለተሳነው ሰው በጥግ የቆመ አስተርጓሚ የሚያመጣው ችግር የዓይን ጕዳይ ነው፤ አስተርጓሚውን ሲያይ መድረኩ ያመልጠዋል፣ መድረኩን ሲያይ ቃሉ ያመልጠዋል። በብሪታንያ በ1980 የተመሠረተውና ከ1997 ጀምሮ መስማት በተሳናቸው በጄኒ ሲሊ የተመራው ግራያ የተባለው የቴአትር ጓድ አስተርጓሚውን ከጥግ አንሥቶ ከተዋንያኑ መካከል አስገባ፤ የቃለ ተውኔቱ ጽሑፍ በመድረኩ ግድግዳ ላይ እንዲታይ፣ ገለጻውም በተዋንያኑ አፍ እንዲነገር አደረገ። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ዴፍ ዌስት ደግሞ በ2015 «ስፕሪንግ አወክኒንግ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ሲያሳይ፣ መስማት የተሳነው ተዋናይ ገጸ ባሕርዩን በእጁ ሲናገር ሌላ ሰሚ ተዋናይ ያንኑ ገጸ ባሕርይ በድምፁ ይዘምር ነበር። አንዱ ሰው በሁለት አካል ታየ። የምልክቱ ቋንቋ የውዝዋዜው እንቅስቃሴ ሆነ፤ ሙዚቃውን የማይሰሙት ተዋንያን መግቢያቸውን የሚያውቁት በብርሃን ለውጥና በባልደረባቸው እጅ መንካት ነበርና፣ እነዚህም ንክኪዎች ራሳቸው የጨዋታው አካል ሆኑ።

ከፍ ያለ አደጋ የሚመጣውም ከዚሁ ውበት ነው። ምልክቱ እንዲያምር ተብሎ እጁ እጅግ ቢወዛወዝ መስማት የተሳነው ተመልካች ሊያነበው አይችልም፤ ገለጻው ቅኔ እንዲሆን ተብሎ ምሥጢሩ ቢበዛ ዓይነ ስውሩ ማን ወደቀ፣ ማን አነሣው የሚለውን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ሲሆን መቋሚያው ለዝማሜ እንዲመች ቀጥኖ፣ ሲደገፉበት የሚሰበር በትር ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህም እንዲህ ያለውን ሥራ የመመዘን ሥልጣን በመጀመሪያ የሚገባው ለተቺው ሳይሆን ለዚያ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ሰው ነው፤ እርሱ «አልገባኝም» ካለ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር አልተፈጸመም። በዚህ ነገር ላይ ቸልታን አልቀበልም። ከሁሉ የሚሻለው ፈውስ ግን ድጋፉ የሚያስፈልገው ሰው ከመጀመሪያው ከደራሲዎቹ አንዱ መሆኑ ነው።

ከለንደን እስከ አዲስ አበባ

ሴሌስት ዳንደከር በእንግሊዝ አገር የታወቁ ተወዛዋዥ ሳሉ በ1973 በመድረክ ላይ ወድቀው አንገታቸው ተጐዳ፤ ከዚያ ወዲህ በእግራቸው አልሄዱም። በ1991 ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ሆነው ካንዶኮ የተባለውን፣ ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ተወዛዋዦች አብረው የሚሠሩበትን ጓድ በለንደን መሠረቱ። አዳም ቤንጃሚን ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ ከጎዳና ሕይወት በወጡ ወጣቶች ከተቋቋመው ከአዱኛ የውዝዋዜ ቡድን ጋር ሠርተዋል፤ በዚያም አካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች ከአዱኛ ተወዛዋዦች ጋር በአንድ መድረክ የሚለማመዱበት ሥራ ተጀመረ። እንግዲህ በዚህ ምዕራፍ የተነገረው ነገር ለአገራችን ከሩቅ የተሰማ ወሬ አይደለም፤ በመዲናችን የተሞከረና ሰዎች በአካላቸው የሚያውቁት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2006 ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ ስለ ባህላዊ ሕይወት ይናገራል። በዚያ የተደነገገው ወደ ቴአትር ቤት የመግባት መብት ብቻ አይደለም፤ አካል ጉዳተኞች የፈጠራ ችሎታቸውን እንዲያዳብሩና እንዲጠቀሙበት መንግሥታት ዕድል እንዲሰጡ ያዛል፤ ይህም ለእነርሱ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ ሁሉ እንዲበለጽግበት መሆኑን ያክላል።

ወጪውን የሚፈሩ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ ተሠርቶ ያለቀን መድረክ ማፍረስ ውድ ነው፣ ተጠንቶ ባለቀ ውዝዋዜ ላይ ገለጻ መደረብም አድካሚ ነው። ነገር ግን ሙዚቃውን በአንድ ክፍል ማጥፋት፣ ተዋናዩ የሚያደርገውን በቃሉ እንዲናገር መድረስ፣ መግቢያውን በንክኪ ማስታወቅ፣ እነዚህ ሁሉ በልምምዱ በመጀመሪያ ቀን ከታሰቡ ከአሳብ በቀር ብዙ አይጠይቁም። ስለዚህ የቴአትር ቤት ኃላፊዎች፣ አዘጋጆችና የውዝዋዜ መምህራን ሆይ፣ የሚቀጥለውን ሥራችሁን ስትጀምሩ ገና ትኬቱ ሳይታተም፣ ገና የመጀመሪያው እርምጃ ሳይወሰን፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ መስማት የተሳነው፣ አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ የጥበብ ሰው ወደ ልምምዱ ክፍል ጥሩ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባልደረባ አስቀምጧቸው፣ ለድካማቸውም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ደመወዛቸውን ክፈሏቸው።